ከዓይን በፊት የሚናገረው ሆርሞን

አንድ የጅማ ባለባጃጅ እናስብ። ዕድሜው ወደ አርባ አምስት የተጠጋ፣ ከመናኸሪያ ፈረንጅ አራዳ፣ ከፈረንጅ አራዳ ሂርማታ ሲመላለስ የኖረ ሰው ነው። ዘንድሮ ባጃጁ ግራና ቀኙን ተቧጭሯል። የቀኙን መስታወት ከቆመ ጋሪ ጋር አጋጭቶ ሰበረው፤ ወር ሳይሞላው የግራውን ከአጥር ጋር አላተመው። ጓደኞቹ «ምርቃና ነው» ብለው ሳቁበት። ዓይኑን ሊታይ ሄደና ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን የፊደል ሰሌዳ ከላይ እስከ ታች አነበበ። ደህና ነህ ተባለ። እውነትም ፊት ለፊቱን አጥርቶ ያያል። የተሰወረበት ጎንና ጎኑ ነው፤ መሰወሩንም አያውቅም።

ይህን ሰው የፈጠርኩት እኔ ነኝ፤ በሽታው ግን የፈጠራ አይደለም። ፒቱታሪ በሚባለው፣ ከአንጎል ሥር ባለ ትንሽ ዕጢ ላይ ስለሚበቅል ዕባጭ ሐኪሞች ከሚያነሡት ታሪክ ውስጥ የወንዶቹ ብዙ ጊዜ እንዲህ ይጀምራል። በትክክል ለመናገር፣ እንዲህ ያልቃል። ጅማሬው ከዚያ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ዓይን ገና ደህና ሳለ ነበር፤ ያን ጊዜ የተለወጠው ሌላ ነገር ነው። ጺሙን በየሁለት ቀኑ ይላጭ የነበረ ሰው በሳምንት አንዴ ሆነለት። መኝታ ቤት ውስጥ የነበረው ፍላጎት በዝግታ ጠፋ። ጉልበቱ ላላ። ይህን ለማን ይናገራል? ጸጉር አስተካካዩ ሳያስተውለው አልቀረም፤ ሚስቱም ታውቃለች። ሐኪም ግን አልጠየቀውም፤ እሱም አልተናገረም።

አማርኛችን እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። ዕጢ ስንል ሆርሞን የሚያመነጨውንም ጤነኛ አካል፣ ያለ ቦታው የበቀለውንም ሥጋ እንጠራበታለን። «ጭንቅላቱ ውስጥ ዕጢ ተገኘበት» ሲባል ዘመድ ለለቅሶ የሚሰናዳው በከፊል በዚህ የተነሣ ይመስለኛል። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ጤነኛውን አካል ዕጢ፣ በላዩ የበቀለውን ዕባጭ እላለሁ። ከፒቱታሪ ዕባጮች መካከል ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የሚሰራጨው እጅግ ጥቂት ነው። ጉዳታቸው የሚመጣው በሁለት መንገድ ነው፤ አንዱ ቦታ በመሻማት፣ ሌላው ሆርሞን በማብዛት ወይም በማሳነስ።

ዕጢው ራሱ የሽምብራ ፍሬ ያህል ነው። ክብደቱ ከግማሽ ግራም ብዙም አይርቅም። ከአፍንጫችን ኋላ፣ ከአንጎል ሥር፣ በቀጭን ዘንግ ተንጠልጥሎ በአጥንት ጎድጓዳ ውስጥ ተቀምጧል። የአናቶሚ ሰዎች ይህን ጎድጓዳ «የቱርክ ኮርቻ» ብለውታል፤ ነገሥታቱ በፈረሳቸው ስም በሚጠሩበት በጅማ ምድር ይህን ስም ለማስረዳት ብዙ መድከም አያስፈልግም። ከኮርቻው በላይ ከሁለቱ ዓይኖች የሚመጡት ነርቮች ይተላለፋሉ። በዚህ መስቀለኛ ላይ ጎን ለጎን ያለውን የሚያሳዩት የነርቭ ክሮች ወደ ተቃራኒው ወገን ይሻገራሉ። ዕባጭ ከሥር ወደ ላይ ሲገፋ ቀድመው የሚጎዱት እነዚህ ተሻጋሪ ክሮች ናቸው። የባለባጃጁ ሁለት መስታወቶች የተሰበሩት ለዚህ ነው።

ከዚህች ሽምብራ የሚወጡት ሆርሞኖች የሌሎች ዕጢዎች አዛዦች ናቸው። አንዱ እንቅርት የሚወጣበትን ታይሮይድን፣ አንዱ ከኩላሊት በላይ ያሉትን አድሬናሎች ያዝዛል፤ ሌላው ዕድገትን ይመራል። ኤልኤች እና ኤፍኤስኤች የሚባሉት ሁለቱ ወደ ወንድ የዘር ፍሬ ወርደው ቴስቶስትሮን እንዲመነጭና የዘር ህዋስ እንዲፈጠር ያደርጋሉ። ፕሮላክቲን ደግሞ በእናቶች ጡት ወተት እንዲሠራ የሚያደርገው ነው። ይህ ሆርሞን በወንድ ደም ውስጥም በጥቂቱ አለ። እስከ 1970 አካባቢ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ በሰው ልጅ ውስጥ ከዕድገት ሆርሞን ተለይቶ እንኳ አይታወቅም ነበር።

ፕሮላክቲን ከሌሎቹ የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ሌሎቹ ከላይ፣ ሃይፖታላመስ ከሚባለው የአንጎል ክፍል፣ በዋናነት «አመንጭ» የሚል ትእዛዝ ይጠብቃሉ። ፕሮላክቲን ግን ሁልጊዜ ሊፈስ የተዘጋጀ ነው፤ የሚወርድለት ትእዛዝ «ተው» የሚል ነው። ይህን ክልከላ የሚያደርሰው ዶፓሚን የሚባለው የአንጎል ኬሚካል ነው። ይህን ጠባይ አንባቢ ልብ ይበል፤ ስለ ምርመራውም ስለ መድኃኒቱም የምለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ፕሮላክቲን የሚያመነጩ ህዋሳት ዕባጭ ሲሠሩ ፕሮላክቲኖማ ይባላል። ሆርሞን ከሚያመነጩት የፒቱታሪ ዕባጮች ሁሉ በብዛት የሚገኘው ይህ ነው። ከመጠን ያለፈው ፕሮላክቲን ወደ ሃይፖታላመስ ተመልሶ፣ ኤልኤችንና ኤፍኤስኤችን የሚያስነሣውን የመጀመሪያ ምልክት ያዳክማል። ምልክቱ ሲደክም የዘር ፍሬ ሥራ ይፈታል፤ ቴስቶስትሮን ይወርዳል። ፍላጎት፣ ጺም፣ ጡንቻ፣ የአጥንት ጥንካሬ፣ የቀይ ደም መጠን ሳይቀር ተያይዘው ይቀንሳሉ። የዘር ፍሬው ራሱ ምንም አልሆነም። የቡና መፈልፈያ ማሽኑ ደህና ሆኖ ኤሌክትሪኩ እንደ ጠፋበት ማለት ነው። ይህ ንጽጽር ለላቦራቶሪም ያገለግላል። ቴስቶስትሮን ዝቅ ብሎ ኤልኤች ከፍ ካለ ችግሩ ያለው ከታች፣ ከዘር ፍሬው ነው፤ አዛዡ እየጮኸ ነው፣ ሰሚ ግን የለም። ቴስቶስትሮን ወርዶ ኤልኤችም አብሮ ከወረደ ወይም ምንም እንዳልተፈጠረ በመደበኛው ልክ ከተቀመጠ ዝምታው ያለው ከላይ ነው፤ ጥያቄውም ወደ ጭንቅላት መውጣት አለበት።

አሁን ወደ አከራካሪው ነገር እንግባ። ፕሮላክቲኖማ ከሃያ እስከ ሃምሳ ዓመት ባለው ዕድሜ በሴቶች ላይ ብዙ እጥፍ ይበዛል። ሲገኝም በአብዛኛው ከ10 ሚሊ ሜትር ያነሰ ነው። በወንዶች ላይ ግን አብዛኛው ሲገኝ ከዚያ በላይ ሆኖ ነው፤ ከ40 ሚሊ ሜትር የሚያልፉት ግዙፎቹም በወንዶች ላይ ያመዝናሉ። ለምን? የተለመደው መልስ መዘግየት ነው። ሴት የወር አበባዋ ሲቋረጥ ወይም ሳትወልድ ጡቷ ወተት ሲያወጣ ወዲያው ትመረመራለች። ወንድ እንዲህ ያለ ወር ቆጣሪ የለውም፤ ያለውን ምልክትም ይደብቃል።

ይህ መልስ እውነት ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ትንንሾቹ ዕባጮች ለዓመታት ሳይታከሙ ቢቀመጡ እንኳ ወደ ትልቅነት የሚያድጉት ጥቂቶቹ ብቻ እንደሆኑ ታይቷል። የወንዶቹ ዕባጭ የሴቶቹ ዕባጭ በጊዜ ብዛት አድጎ ቢሆን ኖሮ ይህ አይሆንም ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲታዩም የወንዶቹ ህዋሳት በፍጥነት የመራባት ምልክት ጎልቶባቸው፣ በሴቶች የሚበዛው ሆርሞን የኤስትሮጅን መቀበያቸው ደግሞ ቀንሶ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ለመድኃኒትም አንዳንድ ጊዜ ይበልጥ ያስቸግራሉ። የእኔ ግምት ሁለቱም ምክንያቶች አብረው ይሠራሉ የሚል ነው። ፈጣኑን ዕባጭ የሰጠው ተፈጥሮ ነው፤ ዓይን እስኪጠፋ ድረስ ዕድሜ የሰጠው ግን የእኛ ዝምታ ነው። ተፈጥሮን መክሰስ አይቻልም። ዝምታውን ግን ልንነጋገርበት እንችላለን።

ዝምታው ደግሞ ባዶ አይደለም፤ የሚሞላው ንግድ አለ። «የወንድነት ኃይል» የሚል ማስታወቂያ ያልለጠፈ የቴሌግራም ገጽ የለም ብል ማጋነኔ ጥቂት ነው። ዱቄት አለ፣ ማር ውስጥ የተቀመመ አለ፣ ምንነቱ ያልተጻፈበት እንክብል አለ። ስንፈተ ወሲብ የያዘው ወንድ ሁሉ ጭንቅላቱ ውስጥ ዕባጭ አለበት እያልኩ አይደለም፤ እንዲያውም ብዙኃኑን የሚያጠቁት ስኳር፣ የደም ግፊት፣ የደም ሥር መጥበብ፣ ጭንቀት፣ መጠጥና አንዳንድ መድኃኒቶች ናቸው። ነገር ግን ዱቄት የሚገዛ ሰው ስኳሩንም አይለካም፣ ፕሮላክቲኑንም አይለካም።

ከዱቄቱ የሚብሰው ሳይመረመሩ የሚወጉት ቴስቶስትሮን ነው። ከውጭ የሚገባ ቴስቶስትሮን በደም ውስጥ ሲበዛ ፒቱታሪ «በቂ አለ» ብሎ ኤልኤችንና ኤፍኤስኤችን ይዘጋል፤ የዘር ህዋስ መሠራቱም ይቆማል። ልጅ ፈልጎ መርፌ የጀመረ ሰው በገዛ እጁ ልጁን አራቀ ማለት ነው፤ መርፌውን ካቆመም በኋላ መመለሱ ወራት ይፈጃል። ከዚህም ሌላ ከቴስቶስትሮን ከፊሉ በሰውነት ውስጥ ወደ ኤስትሮጅን ስለሚለወጥ ፕሮላክቲን አመንጪዎቹን ህዋሳት ሊያነቃቃ ይችላል። ፕሮላክቲኑ ሳይወርድ ቴስቶስትሮን ብቻ ቢሞላም ፍላጎት ላይመለስ ይችላል፤ ፕሮላክቲን በራሱም ያደበዝዘዋልና።

ልጅ ካነሣን አይቀር፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 ባወጣው ግምት በሕይወት ዘመኑ ልጅ የማግኘት ችግር የሚገጥመው ከስድስት ሰው አንዱ ነው። ከባልና ሚስት ችግሮች ግማሽ ያህሉ ውስጥ የወንዱ ድርሻ አለበት። እኛ ጋ ግን ጠበል የምትወሰደው እሷ፣ ሼሁ ጋ የምትቀርበው እሷ፣ ማሕፀኗ በራጅ የሚታየው እሷ፣ ስሟ የሚነሣውም የእሷ ነው። የወንዱ የዘር ፈሳሽ ምርመራ ግን አንድ ኩባያና አንድ ማይክሮስኮፕ ነው የሚፈልገው። ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ከተገኘ ሆርሞኖቹ ይታያሉ፤ ከእነሱ መካከል ፕሮላክቲን አለ። ሚስት በስንት ሐኪም ቤት ተንከራትታ የባሏን ጭንቅላት ያዳነችበት አጋጣሚ በሕክምናው ዓለም እንግዳ አይደለም።

የፕሮላክቲንን ቁጥር ማንበብ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ውጤት በሁለት ዓይነት መለኪያ ይጻፋል፤ አንዱ ናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ ሌላው ሚሊ ዓለም አቀፍ ዩኒት በሊትር። የመጀመሪያው አንድ የሁለተኛው 21 ያህል ነው። ስለዚህ 400 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ልቡ ከመውረዱ በፊት ከጎኑ የተጻፈውን ይይ፤ በሁለተኛው መለኪያ ከሆነ 19 ገደማ ነው፤ ለወንድ ከመደበኛው ጣሪያ ብዙም የራቀ አይደለም። በመርፌ መደንገጥም ፕሮላክቲንን ትንሽ ከፍ ያደርጋል፤ ጥቂት ከፍ ያለ ውጤት ተረጋግቶ፣ ዐርፎ፣ እንደገና ይለካል።

ቀጥሎ መጠየቅ ያለበት «ምን መድኃኒት ትወስዳለህ?» የሚለው ነው። ዶፓሚን የፕሮላክቲን ከልካይ ነው ብለናል። እንግዲህ ዶፓሚንን የሚገታ መድኃኒት ሁሉ ፕሮላክቲንን ይለቃል። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዙት ሃሎፔሪዶልና ሪስፔሪዶን፣ ለማቅለሽለሽ የሚሰጠው ሜቶክሎፕራማይድ ከእነዚህ ናቸው። እንዲህ ላለው ሰው ዕባጭ ፍለጋ ኤምአርአይ ከማዘዝ በፊት ከሐኪሙ ጋር ስለ መድኃኒቱ መነጋገር ይቀድማል። መድኃኒቱን በራስ ውሳኔ ማቆም ግን ከፕሮላክቲኑ የከፋ መዘዝ አለው። የታይሮይድ መድከምም ፕሮላክቲንን ያወጣል፤ ፒቱታሪን ሳይቀር አሳብጦ በፎቶ ዕባጭ ሊያስመስል ይችላል። እንቅርት እንግዳ ባልሆነበት በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደግሞ የታይሮይድ ምርመራን መዝለል ስንፍና ነው። የኩላሊት ድካምም እንዲሁ ያደርጋል።

እነዚህ ሁሉ ተጣርተው ኤምአርአይ ትልቅ ዕባጭ አሳየ እንበል፤ ሦስት ሴንቲ ሜትር ያህል። ፕሮላክቲኑ በናኖግራም መለኪያ ስንት ነው? 5,000 ከሆነ ነገሩ አለቀ፤ ፕሮላክቲኖማ ነው፤ ከ250 በላይ ከሆነም ፍንጩ ጠንካራ ነው። 60 ቢሆንስ? እዚህ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የመጀመሪያው ትርጉም ዕባጩ ፕሮላክቲን አያመነጭም የሚል ነው፤ ትልቅነቱ ዘንጉን ስለተጫነው ከላይ የሚወርደው ዶፓሚን መንገድ ተዘጋበት፤ ጤነኞቹ ህዋሳት ከልካይ አጥተው ጥቂት ፕሮላክቲን ለቀቁ። እንዲህ ከሆነ መፍትሔው ቢላዋ ነው። ሁለተኛው ትርጉም ግን ተቃራኒ ነው፤ ፕሮላክቲኑ እጅግ ከመብዛቱ የተነሣ ማሽኑ ተታሏል።

ማታለሉ እንዴት እንደሆነ በቡና መጋዘን ላስረዳ። አንድ መዝጋቢ በር ላይ ቆሞ ሁለት ሰው የያዘውን ከረጢት ብቻ ይቆጥራል እንበል። ከረጢቱ በልክ ሲመጣ አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ ይይዛል፤ ቆጠራው ይሠራል። ድንገት ሺህ ከረጢት ቢፈስ ግን እያንዳንዱ ተሸካሚ የየራሱን ያነሣል፤ በሁለት ሰው የተያዘ ከረጢት ይጠፋል፤ መዝጋቢውም «ዛሬ ጥቂት ገባ» ብሎ ይጽፋል። የላቦራቶሪው ምርመራም አንዱን የፕሮላክቲን ሞለኪውል በሁለት ፀረ እንግዳ አካላት ይዞ ነው የሚቆጥረው። ሆርሞኑ ሲበዛ ሁለቱ በየፊናቸው ይጠመዳሉ። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ ያው የደም ናሙና መቶ እጥፍ ቀጥኖ እንደገና ይለካል። የዛሬ ማሽኖች ይህ ስሕተት ቀንሶላቸዋል፤ ነገር ግን ትልቅ ዕባጭና ትንሽ ቁጥር ሲገናኙ «ይቅጠንና ይደገም» ብሎ መጻፍ ከአንድ መስመር አይበልጥም። ያ መስመር ሳይጻፍ የቀረበት ሰው በእንክብል ሊሟሽሽ ለሚችል ዕባጭ ራስ ቅሉ ሥር ቢላዋ ይገባበታል።

ፕሮላክቲን ካልሆነስ? ዕድሜያቸው ከሃምሳ ባለፈ ወንዶች ላይ በብዛት የሚታየው «የማይሠራ» የሚባለው ዕባጭ ነው። ስሙን አልወደውም። ከእነዚህ አብዛኞቹ የኤልኤችና የኤፍኤስኤች አመንጪ ህዋሳት ዘር ናቸው፤ በላቦራቶሪ ቀለም ሲነከሩ የሆርሞኑ ምልክት ይታይባቸዋል። ጥቂት ያመነጫሉ፣ ወይም የተሟላ ሆርሞን አያመነጩም፤ ስለዚህ ሰውየው ምንም አይሰማውም። ይህ ነው ዝምተኛ የሚያሰኛቸው። አልፎ አልፎ ግን አንዱ በእውነት ኤፍኤስኤች ወይም ኤልኤች ሲያፈስ የዘር ፍሬ ያብጣል፣ ቴስቶስትሮንም ከልክ በላይ ይወጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ምደባ በ2017 ዕባጮቹን በህዋስ የዘር ሐረጋቸው መለየት ጀመረ፤ በ2022 ደግሞ ስማቸውን ወደ «ፒቱታሪ ኒውሮኢንዶክራይን ቲዩመር» ቀየረው። አንዳንድ ሐኪሞች ይህ ስም ታማሚውን ካንሰር እንደያዘው ያስደነግጠዋል ብለው ተቃውመዋል፤ በእኛ ቋንቋ ግን «ዕጢ» ብቻውን ያስደነግጣል።

የዕድገት ሆርሞን የሚያመነጨው ዕባጭ ለዓይን የሚታይ ነው፤ ግን በየቀኑ የሚያየው ሰው አያየውም። አፍንጫ ይሰፋል፣ አገጭ ይወጣል፣ በጥርሶች መካከል ክፍተት ይፈጠራል፣ ቀለበት አልገባ ይላል፣ 41 ቁጥር ጫማ 43 ይሆናል። ላብ ይበዛል፣ ማንኮራፋት ይመጣል፣ ስኳርና ደም ግፊት ይከተላሉ። ፒየር ማሪ የተባለው ፈረንሳዊ ሐኪም በ1886 አክሮሜጋሊ ብሎ ከሰየመው ጀምሮ እስከ ዛሬ ድረስ ከምልክት እስከ ምርመራ ዓመታት ያልፋሉ። ከሁሉ የረከሰው ምርመራ የድሮ ፎቶግራፍ ነው፤ የዛሬ አሥር ዓመት የተነሡትን የቀበሌ መታወቂያ አውጥቶ ከዛሬው ፊት ጋር ማስተያየት። ከዚያ በደም የሚለካው በዕድገት ሆርሞን ትእዛዝ የሚመነጨው አይጂኤፍ አንድ የሚባለው ነው፤ የዕድገት ሆርሞን ራሱ በቀን ውስጥ ከፍ ዝቅ ስለሚል አንድ ጊዜ ቢለካ አያስተማምንም።

ጅረን ላይ የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የጎበኘ ሰው ስለ ንጉሡ ቁመት ሳይነገረው አይመለስም፤ ሁለት ሜትር ያህል ነበሩ ይባላል። አንድ ወዳጄ ስለ ፒቱታሪ ሳወራለት «እሳቸውም ይሆኑ እንዴ?» አለኝ። ቁመት ብቻውን በሽታ አይደለም። በልጅነት፣ አጥንት ከመዘጋቱ በፊት የተነሣ ዕባጭ ሰውን ከልክ በላይ ያስረዝማል፤ ረጅም ሰው ሁሉ ግን ዕባጭ የለበትም። ሐኪም የሚፈልገው ርዝመትን ሳይሆን ለውጥን ነው፤ ትናንት የሚበቃ ኮፍያ ዛሬ አልበቃ ማለቱን።

የአድሬናሎቹን ሆርሞን ኮርቲሶልን የሚያስበዛው ዕባጭ፣ የኩሺንግ በሽታ የሚባለው፣ በሴቶች ይበዛል፤ በወንዶች ሲመጣ ግን ይከፋል። ፊት ይከባል፣ ሆድ ይወጣል፣ ጭንና ክንድ ይቀጥናሉ፣ ሐምራዊ የሚመስል ሸንተረር በቆዳ ላይ ይሰነጠራል። ጅማ ውስጥ ሆድ መውጣት የድሎት ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ ሰው «ተመቸው» ይላል፤ ከበርጩማ ለመነሣት እጁን የሚደገፍ «የተመቸው» ሰው ግን ጡንቻው እያለቀ ሊሆን ይችላል።

ሕክምናው እንደ ዕባጩ ዘር ይለያያል። ለፕሮላክቲኖማ የመጀመሪያው ምርጫ፣ ትልቅ ሆኖ ዓይን ቢጫን እንኳ፣ ብዙውን ጊዜ እንክብል ነው። ካቤርጎሊን በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ፣ ብሮሞክሪፕቲን በየቀኑ ይወሰዳል፤ ሁለቱም የዶፓሚንን ድምፅ አስመስለው «ተው» ይሉታል። ካቤርጎሊን ከሚወስዱት አብዛኞቹ ላይ ፕሮላክቲን ወደ ልኩ ይመለሳል፣ ዕባጩም ይሟሽሻል፤ ዓይን በቀናት ውስጥ መሻሻል የጀመረበት ሰው አለ። የዕድገት ሆርሞኑ፣ የኩሺንጉና ዓይን የተጫነው ዝምተኛው ግን በቀዶ ሕክምና ይጀምራሉ። ቀዶው ራስ ቅል ሳይከፈት በአፍንጫ በኩል የሚደረግ ነው፤ ኦስትሪያ ውስጥ ኸርማን ሽሎፈር በ1907 የጀመረው መንገድ ነው፤ ዛሬ በአዲስ አበባም ይሠራል። ለጅማ ሰው ይህ 350 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ፣ ማረፊያ፣ አስታማሚ፣ የክትትል ምልልስ ማለት ነው። በእንክብል የሚድነውን በእንክብል ማዳን ለዚህም ሲባል ይጠቅማል፤ የቀጠነው ናሙና ጉዳይ የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

እንክብሉም ጠባይ አለው። ያቅለሸልሻል፤ ከተቀመጡበት ብድግ ሲሉ ያዞራል፤ ስለዚህ ከምግብ ጋር፣ ማታ፣ በጥቂቱ ይጀመራል። ትልቅ ዕባጭ በፍጥነት ሲሟሽሽ የወተፈው ቀዳዳ ተከፍቶ ከአፍንጫ እንደ ውኃ የጠራ ፈሳሽ ሊንጠባጠብ ይችላል፤ ጉንፋን መስሎ ማለፍ አይገባም፤ ያ የአንጎል ፈሳሽ ነው፤ የማጅራት ገትር መግቢያም ነው። ሌላው እንግዳ ነገር፣ ዶፓሚን የደስታና የመሻት መልእክተኛም ስለሆነ አንዳንድ ሰዎች መድኃኒቱን ሲጀምሩ የቁማር ወይም የወሲብ አምሮት ያይልባቸዋል። በየመንደሩ የስፖርት ውርርድ ቤት በተከፈተበት ዘመን ይህን ለታማሚውም ለሚስቱም አስቀድሞ መንገር ግዴታ ይመስለኛል። ደመወዙ ካለቀ በኋላ ቢነገረው ምን ይረባል?

መድኃኒቱ ቢያንስ ሁለት ዓመት ከተወሰደ፣ ፕሮላክቲን ወደ ልኩ ከተመለሰና ዕባጩ በደንብ ካነሰ በኋላ ለማቆም ይሞከራል፤ በብዙዎች ላይ ተመልሶ ይነሣል፣ እንክብሉም ይቀጥላል።

ዕባጭ ጤነኛውን ዕጢ ሲደቁስ፣ ወይም ቀዶው ሲነካው፣ አድሬናልን የሚያዝዘው ሆርሞን ሊጠፋ ይችላል። እንዲህ ያለው ሰው የጎደለውን ኮርቲሶል የሚተካውን ሃይድሮኮርቲሶን ብዙ ጊዜ ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ ትኩሳት ሲይዘው መጠኑን ይጨምራል፤ ማስታወክ ከከለከለው በመርፌ ይሰጠዋል። በረመዳን ወይም በዐቢይ ጾም ያለ ምክር መድኃኒቱን መዝለል ለእሱ አደጋ ነው። እንዲህ ያሉ ሕመምተኞች ለጾም ከፍተኛ ሥጋት ካለባቸው ወገን ይመደባሉ፤ ሃይማኖታቸውም ለሕመምተኛ በር ያልዘጋ በመሆኑ ጉዳዩን ከሐኪሙም ከሼሁም ከንስሐ አባትም ጋር አስቀድሞ መጨረስ ይቻላል። ብሮሞክሪፕቲን የሚወስድ ጿሚ ከማፍጠሪያው ምግብ ጋር ቢያደርገው ይቀለዋል።

አንድ ድንገተኛ ነገር ብቻ ቀረ። ዕባጩ ውስጥ ደም ሊፈስ ይችላል። ሰውየው በሕይወቱ አይቶት የማያውቀው ራስ ምታት በድንገት ይመታዋል፣ ያስመልሰዋል፣ ዓይኑ ይጋረዳል ወይም ቆቡ ይወድቃል። ሰፈር ውስጥ «ምች ነው» ተብሎ ዳማከሴ ሲታሸት ሰዓቱ ያልፋል። በዚያች ሌሊት የሚያስፈልገው ድንገተኛ ክፍል ነው፤ እዚያም ሃይድሮኮርቲሶን በደም ሥሩ ገብቶ ፎቶው ይነሣል።

ለቀሪዎቹ፣ ጊዜ ላላቸው፣ ሁለት በርጩማና አምስት ደቂቃ ይበቃል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪዎቹን ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ አውጥቶ በማስተማር የታወቀ ነው፤ ከእነዚያ ተማሪዎች አንዱ ባለባጃጁን ፊት ለፊቱ ያስቀምጠው። አንድ ዓይኑን ይሸፍንለት፤ «አፍንጫዬን ተመልከት» ይበለው፤ ጣቱን ከጎን በኩል፣ ከላይ ጀምሮ፣ እያንቀሳቀሰ ወደ መሐል ያምጣ፤ «አሁን አየሁት» የሚለው ጣቱ አፍንጫው አጠገብ ከደረሰ በኋላ ከሆነ ሌላውን ዓይን ይድገመው። ከዚያ ብዕሩን ያስቀምጥና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሚስትየው ውጭ ሳለች፣ ጺምህን በስንት ቀን ትላጫለህ ብሎ ይጠይቀው።